የሰባት በሰባቱ ሙግት

ይህ የሳይንስ ፋኩልቲ ልጆች ጉዳይ ነው ብሎ ገጹን የሚያልፍ አይጠፋም። ይለፍ። እኛ የያዝነው ግን ከታሪክ ክፍል የማይርቅ ሙግት ነው፤ በዓይን ያየና ከጥላው ተነሥቶ ያሰላ ሲገናኙ የማንኛው ቃል ይጸናል? (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ትራንዚስተር የሚሠራበት ሲሊከን ውስጡ ሰላም ነው። እያንዳንዱ አቶም አራት እጅ አለው፤ በአራቱም ጎረቤት ይዞ ይኖራል። ክሪስታሉ ሲቆረጥ ግን ላይኛው ገጽ ላይ የቀሩት አቶሞች አንዳንድ እጃቸው ባዶ ይቀራል። ባዶ እጅ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አየር ካገኘ ኦክስጅን ይይዛል፤ አየሩ ተመጦ በወጣለት ዕቃ ውስጥ ሲሞቅ ግን አቶሞቹ ከቦታቸው ተነሥተው አዲስ ሰልፍ ይሠራሉ።

በ1959 ሽሊርና ፋርንስወርዝ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካ በሚገኘው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ቀርፋፋ የኤሌክትሮን ጨረር በዚህ ገጽ ላይ ለቀቁ። ተመልሶ የመጣው ጨረር የሠራው ነጠብጣብ፣ አዲሱ ሰልፍ በየሰባት አቶሙ እንደሚደገም አሳየ፤ ወዲህም ሰባት፣ ወዲያም ሰባት። ነገሩን እንደ ቀሚስ ጥለት እንየው። ጥለቱ ስንት ላይ እንደሚደገም ታወቀ፤ በአንዱ ድግግሞሽ ውስጥ ያለው አበባ ምን እንደሚመስል ግን አልታወቀም። እዚህ ላይ ነው ጭቅጭቁ የተነሣው። አንዱ አቶም ጎድሏል ይላል፣ ሌላው ተጨምሯል ይላል፣ ሌላው ገጹ ተኮማትሯል ይላል። ሃያ ዓመት አለፈ፤ ሁሉም ሥዕሉን ይዞ ነጠብጣቡን ይጠቅሳል።

ከዚያ የዙሪኮቹ መጡ። በአይ ቢ ኤም ቤተ ሙከራ ቢኒግና ሮረር ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው፣ ገጹን ሳይነካ ከላይ ከላዩ የሚዳስስ መርፌ ሠርተው ነበር። በመርፌውና በገጹ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ኤሌክትሪክ ሾልኮ ያልፋል፤ መርፌው በዚያ እየተመራ አቀበትና ቁልቁለቱን ይከተላል። መሣሪያው በወረቀት ላይ የጫረውን መስመር ጎን ለጎን ደርድረው የገጹን ተራራና ሸለቆ አቆሙት። በ1983 ያሳተሙት ምስል በእያንዳንዱ ድግግሞሽ ውስጥ አሥራ ሁለት ጉብታ፣ ማዕዘኑ ላይ ደግሞ ጥልቅ ጉድጓድ አሳየ። ብዙው የድሮ ሥዕል በዚያው ወደቀ። በ1986 ሁለቱ የኖቤልን ሽልማት ከኤርንስት ሩስካ ጋር ተካፈሉ።

ተራኪዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማሉ። እኛ አንስማማም! መርፌው ያየው ጣሪያውን ነው፤ ከጣሪያው ሥር ማን እንዳለ አላየም። ቤቱን የከፈተው ጃፓናዊው ታካያናጊ ነው፤ እሱም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1985፣ በዚያው በጥላው መንገድ። ኤሌክትሮኑን በስስ ሲሊከን ውስጥ አሳልፎ የነጠብጣቡን ድምቀት አንድ በአንድ መዘነ። ውጤቱ እንዲህ ነበር፦ አሥራ ሁለት አቶሞች ከላይ ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱም እንደ ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ነው። ከሥራቸው ዘጠኝ ጥንዶች ተያይዘዋል፤ የድግግሞሹ ግማሽ ደግሞ አደራደሩ ተዛንፏል። ሂሳቡ ያስገርማል። አርባ ዘጠኝ የነበረው ባዶ እጅ አሥራ ዘጠኝ ብቻ ይቀራል፦ አሥራ ሁለቱ የድስቶቹ የራሳቸው፣ ስድስቱ ድስት ያልተጣደባቸው አቶሞች፣ አንዱ ጉድጓዱ ውስጥ። በነጻ ግን አይደለም፤ አቶሞቹ ተጣመውና ተወጥረው ነው ይህን ያተረፉት።

ታካያናጊም ብቻውን አልቆመም። አሥራ ሁለቱን ጉብታዎችና ጉድጓዱን ያላገናዘበ ሥዕል ከ1983 በኋላ ሰሚ አያገኝም ነበር። የዙሪኩ ምስልም ቢሆን ያለ ቶኪዮው ስሌት ውበት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር ብለን እናምናለን። የፊዚክስ ጓደኞቻችን በዚህ ይናደዱ ይሆናል፤ ይምጡና ይከራከሩን።

የ1985ቱ ሥዕል እስከ ዛሬ ጸንቷል። አዲስ መርፌ የሠራ ቤተ ሙከራም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚዳስሰው ይህንኑ ሰባት በሰባት ነው፤ አሥራ ሁለቱ ጉብታዎች ከታዩለት መርፌው ደኅና ነው ይባላል።