ከአንኮበር ወናፍ እስከ ላንድሮቨር ካምቢዮ

አሮጌ የገጠር መኪና ካምቢዮው ሲበላሽ፣ ባለቤቱ በገዛ ግቢው ይፍታው ወይስ ለባለሙያ ይስጠው የሚለው ጥያቄ በሰሜን ሸዋ ከመኪና ጋር አብሮ የመጣ አዲስ ጥያቄ አይደለም፤ በባሕር ማዶ የተሠራ ብረት በግመል ጀርባ ተጭኖ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ከዓልዩ አምባ ገበያ ወደ አንኮበር ተራራ መውጣት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ፣ ያ ብረት በተሰበረ ቁጥር በአገሬው ዘንድ ሲነሣ የኖረ ጥያቄ ነው። ወደ ሠሪው ለመመለስ ወራት የሚፈጅ ዕቃ፣ ጠመንጃም ይሁን ሰዓት፣ በተሰበረበት ስፍራ ካልተበጀ እንደ ሌለ የሚቈጠር ነበርና።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ በ1833 ዓ.ም. ክረምት፣ ካፒቴን ሃሪስ የተባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሦስት መቶ ያህል ጠመንጃና መድፍ ከልዩ ልዩ ገጸ በረከት ጋር ይዞ ወደ ሸዋ በደረሰ ጊዜ፣ በተከታዩም ዓመት በኅዳር ወር የወዳጅነትና የንግድ ውል በተፈረመ ጊዜ፣ በግምጃ ቤት የተከማቸው መሣሪያ ለንጉሡ ታላቅ ኃይል ቢሆንም፣ የሚያድሰው እጅ ካልተገኘ ከጥቂት ክረምት በኋላ ዝገት የሚበላው ብረት መሆኑን ንጉሡ አልሳቱትም። ስለዚህም ከባሕር ማዶ የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ፣ ወንጌላዊም ይሁን መልእክተኛ፣ ከስብከቱና ከውሉ ይልቅ በዕደ ጥበቡ ሊጠቀሙበት ይሹ ነበር።

ይሁን እንጂ ብረት የሚያቀልጥና የሚቀጠቅጥ ሰው በአገሩ ያልነበረ አይደለም። በዚያው ዘመን በአንኮበር አካባቢ የነበሩ እንግዶች ጽፈው እንዳቈዩልን፣ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ጠቢባን የሚባሉ ማኅበረሰብ ይኖሩ ነበር፤ ማረሻውን፣ ምሳሩን፣ የበቅሎውን ልጓም የሚሠሩት፣ ድንጋዩንም የሚጠርቡት እነርሱ ነበሩ። ገበሬው ማረሻው በደነዘ ጊዜ ወደ እነርሱ ወናፍ ይገሠግሣል፤ ልጁ በታመመ ጊዜ ደግሞ ቡዳ በላብኝ ብሎ የሚከስሰው ያንኑ ማረሻውን የሳለለትን ሰው ነው። ቀን የሚፈልጉትን ሰው ሌሊት መፍራት፣ ከእጁ ሥራ ተጠቅሞ ከማዕዱ መሸሽ፣ በእኔ ግምት ለአገራችን የዕደ ጥበብ ድህነት ከጦርነትም ሆነ ከመንገድ እጦት የከፋ ምክንያት ነው፤ ልጁ «የቀጥቃጭ ልጅ» ተብሎ እንዳይሰደብ ሲል ጥበቡን ከእርሱ ጋር ወደ መቃብር የወሰደው ስንቱ እንደ ሆነ ማን ይቈጥረዋል?

ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ ሰው ከሁለት የአገሩ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ጋር ወደ አንኮበር መጣ፤ ከጥቃቅን ሥራ ጀምሮ እስከ ውኃ ቧንቧና እስከ ምድር ባቡር ጉዳይ ድረስ ንጉሡን ያገለገለው ይህ ሰው በኋላ ዘመን የመንግሥት አማካሪ ለመሆን በቅቷል። ከዚህ ይልቅ ግን የሚደንቀኝ በ1900 ዓ.ም. የሆነው ነገር ነው። በዚያ ዓመት ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሲድሊ የተባለውን አውቶሞቢል እስከ አዲስ አበባ አድርሶ ለዐፄ ምኒልክ አሳየ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ሠራተኛውን በሙያው ምክንያት የሚሰድብ፣ ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያለ የሚያንቋሽሽ ሰው ሁሉ እንዲታረም በአዋጅ አዘዙ። መኪናና መኪናን የሚጠግን ሰው ክብር በአንድ ዓመት ወደ አገራችን ገቡ ማለት ነው፤ መኪናው ግን ከአዋጁ ፈጥኖ ተሰራጨ።

ሰሜን ሸዋን ለመኪና የከፈተው መንገድ በጠላት ዘመን የተሠራው ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አድርጎ ወደ ደሴ የሚሄደው ጎዳና ጣርማ በር ላይ ሲደርስ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው ገደል ውስጥ ተራራው ተበስቶ፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ ተሠርቶለታል፤ ያን መንገድ ለጭፍራው ስንቅ የሠራው ጣሊያን በስተ ግራና በስተ ቀኝ በነበሩት አርበኞች፣ በራስ አበበ አረጋይ ሠራዊት፣ እረፍት ሳያገኝበት ቀረ። ከነፃነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ በተገኘው የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር የአውራ ጎዳና ሥራ በተደራጀ ጊዜ ዋናው ጎዳና ታደሰ፤ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው 42 ኪሎ ሜትር ግን፣ ከዚያም ወደ ዓልዩ አምባ የሚወርደው ቁልቁለት፣ ለብዙ ዘመን የበቅሎ መንገድ ጠባይ ሳይለቀው ኖረ።

ለእንዲህ ያለው መንገድ የተፈጠረ የሚመስለው ላንድሮቨር በ1940 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በአምስተርዳም ትርኢት ለዓለም ታየ። ገላው በአብዛኛው ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለ ሆነ ዝገት ብዙም አይነካውም፤ አራቱም እግሩ ይስባል፤ ከተራው ካምቢዮ በተጨማሪ ለአቀበትና ለጭቃ የሚሆን ሁለተኛ ዝግተኛ ማርሽ አለው። በአገራችን መጀመሪያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲሠሩበት ቈይተው፣ ሲያረጅ በጨረታ ለነጋዴ ሸጡት፤ ነጋዴውም ከኋላ ግራና ቀኝ አግዳሚ መቀመጫ አሠርቶ፣ እህሉንና በጉን ከላይ፣ ሰውን ከውስጥ አጭቆ በገጠር ገበያ ሁሉ አመላለሰው። የአንኮበርን ዓይነት አቀበት በአንደኛ ማርሽ ሲወጣ፣ ቁልቁለቱንም ፍሬን እንዳይግል በዚያው ማርሽ ታግዶ ሲወርድ የሚኖር መኪና፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደክምበት ካምቢዮው ነው።

በጉዞ ላይ የተሰበረውን መኪና እዚያው ዝናብ ላይ የፈታው ሾፌርና ረዳት፣ በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ መለዋወጫ ሲመነምን ከሦስት ሬሳ አንድ ነፍስ ያለው መኪና ያስነሣው የጋራዥ ሰው፣ የዚያ የተሰደበ ቀጥቃጭ እውነተኛ ወራሾች ናቸው። ረዳቱ ከመኪናው ሥር ተኝቶ፣ መፍቻ እያቀበለ፣ ኩሽኔታ በናፍጣ እያጠበ፣ ስድቡንም እየጠጣ ሙያውን ይማራል፤ መጽሐፍ የለውም፤ ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን ይናገራል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ስንመለስ፣ ባለመኪናው ካምቢዮውን ለመፍታት መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ካምቢዮው በእርግጥ መታመሙን ሊያረጋግጥ ይገባዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ ዘይቱን አወፍሮት ማለዳ ማርሽ አልገባ ቢል፣ ፀሐይ ወጥታ መኪናው ሲሞቅ ከለቀቀው ሕመም አይደለም። ማርሽ ሲገባ የሚንጫጫው ብዙ ጊዜ ፍሪሲዮኑ በደንብ ስላልለቀቀ ነው፤ ከ1963 ዓ.ም. በፊት በተሠሩት ላንድሮቨሮች ላይማ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ያለ ጩኸት እንዲገቡ የሚያደርግ ሲንክሮ ስለሌላቸው፣ ፍሪሲዮንን ሁለት ጊዜ መርገጥ የማያውቅ ሾፌር ጤነኛውን ካምቢዮ በሐሰት ይከስሳል። ሞተሩ እየሠራ መኪናው በቆመበት የሚያጉረመርም ድምፅ፣ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ዝም ካለ፣ ያን ጊዜ በመግቢያው ዘንግ ወይም አብሮት በሚዞረው በታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ ላይ መፍረድ ይቻላል። ማርሹ ጋዝ ሲለቀቅ ዘሎ ቢወጣ ግን መጀመሪያ የሚመረመረው ማርሹን ይዛ የምታቈየው ትንሽ ሞላ ናት፤ እርስዋን ለመለወጥ ካምቢዮውን ማውረድ አያስፈልግም። ዘይቱ ተቀድቶ በነጭ ጨርቅ ላይ ሲታይ ከደቃቅ ብናኝ ይልቅ የጥርስ ስባሪ የተገኘበት ከሆነ፣ ክርክሩ አብቅቷል፤ መፈታት አለበት።

የት ይፈታ ለሚለው፣ አሮጌው ላንድሮቨር ለግቢ ሥራ ከብዙ መኪና ይልቅ የተመቸ ነው፤ ወለሉና የወንበሩ ሣጥን ከተነሣ ካምቢዮው በበሩ በኩል ይወጣልና፣ ጉድጓድ አያሻውም፤ ጠንካራ ግንድ፣ ሰንሰለትና አቅም ያላቸው ሦስት ጎረቤቶች ይበቁታል። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ብሎኖቹ በኢንች የሚለኩ ስለ ሆኑ በሚሊሜትር መፍቻ የታገለ ሰው ጠርዛቸውን አዶልዱሞ ያበላሻቸዋል፤ ዘንጎቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀሱበት ክፍተት በስስ ሉህ መለኪያ ተለክቶ ካልተስተካከለ፣ አዲሱ ኩሽኔታ ከአሮጌው ፈጥኖ ያልቃል፤ ኩሽኔታንም በመዶሻ መትቶ የሚያስገባ ሰው ሲያስገባው ሰብሮታል።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ኩሽኔታ፣ ሲንክሮና ዘይት መከልከያ ጎማ ብቻ ያለቀበትን ካምቢዮ፣ መለዋወጫው አስቀድሞ በእጁ ገብቶ ከሆነ፣ ባለቤቱ ሙያ ካለው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋር ተቀምጦ በግቢው ይፍታው፤ የሽማግሌውንም ዋጋ ሳይከራከር ይክፈል። ጥርሱ የረገፈውን፣ ዘንጉ የተበላውን ወይም ሣጥኑ ራሱ የተሰነጠቀውን ግን በግቢ መፍታት ገንዘብ መጣል ነው፤ እንዲህ ያለው ከወደቀ ላንድሮቨር በተነሣ ሙሉ ካምቢዮ ይለወጥ። ደብረ ብርሃን ላይ ይህን ሥራ የሚያውቁ አዛውንት ገና አሉ፤ ባለመኪናው ሥራውን በሚያሠራበት ቀን ልጁንም ይዞ ይሂድ፤ ልጁም መፍቻ ያቀብል።