አውጥ፦ በሜልበርን ዙሪያ ማሳዎች

አውጥ (ሶላነም ኒግረም) ከድንች፣ ከቲማቲምና ከቃሪያ ቤተሰብ የሚመደብ አረም ነው። ሳይንሳዊ ስሙን ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. አወጣለት። በአገራችን በጓሮና በአጥር ጥግ የሚታወቀው ይህ ተክል በሜልበርን ዙሪያም ተስፋፍቷል። እንደ ዌሪቢ ሳውዝ ያለ፣ አበባ ጎመንና ሰላጣ በመስኖ የሚለማበት ለም መሬት ይስማማዋል።

ችግኙ ከቃሪያ ችግኝ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ሲያድግ ግን አበባው ይለየዋል፤ አምስት ነጫጭ ቅጠሎች አሉት፣ መሃሉም ቢጫ ነው። ፍሬው ከአተር ብዙም አይበልጥም፤ በትንንሽ ዘለላ ተንጠልጥሎ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ሲበስል ጥቁር ይሆናል። አረንጓዴው ፍሬ ለአተር አምራቾች ትልቅ ራስ ምታት ነው፤ በመጠንም በቀለምም ከአተር ጋር ስለሚመሳሰል ከምርቱ ለመለየት ያስቸግራል። በቲማቲም ማሳ ደግሞ አውጥና ቲማቲም ዘመዳሞች በመሆናቸው አረሙን ብቻ የሚያጠፋ መድኃኒት መምረጥ ከባድ ነው። የቲማቲም በሽታዎችንም ያስጠጋል። ስለዚህ ፍሬ ሳይዝ መንቀሉ ይሻላል።

በአውስትራሊያ ብዙ ሰው አውጥን ቤላዶና ከሚባለው ገዳይ ተክል ጋር ያምታታዋል። የቤላዶና አበባ ግን ወይን ጠጅ መሰል ቀለም ያለው ደወል ነው፤ ፍሬውም ትልቅና አንጸባራቂ ሆኖ በዘለላ ሳይሆን አንድ አንድ እየሆነ ይወጣል። በኢትዮጵያ ልጆች የበሰለውን አውጥ ለቅመው ይበላሉ። አረንጓዴው ግን ሶላኒን የተባለ መርዝ ስላለው ፈጽሞ አይበላም፤ ተክሉን በእርግጠኝነት ያልለየ ሰው ጥቁሩንም መቅመስ የለበትም።