ምድሯ ከፍ ዝቅ የምትል ከተማ

በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ሰዓት የሐዋርያት ሥራን ስናነብ በ28ኛው ምዕራፍ ፑቲዮሉስ የምትባል ወደብ አገኘን፡፡ ቅዱስ ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ ከመርከብ ወርዶ ከወንድሞች ጋር ሰባት ቀን የተቀመጠው በዚህች ወደብ ነው፡፡ ዛሬ ፖዙዎሊ ትባላለች፤ የምትገኘውም በኢጣሊያ አገር ከናፖሊ በስተ ምዕራብ በባሕር ዳር ነው፡፡ ታሪኳ ትልቅ ትምህርት ስላለው ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልናቀርበው ወደድን፡፡

ከተማዪቱን የቆረቆሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ከሳሞስ ደሴት የመጡ ግሪኮች ናቸው፡፡ ስሟንም ዲካያርኪያ አሏት፤ ትርጓሜው የፍትሕ አገዛዝ ማለት ነው፡፡ ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ194 ዓመት የራሳቸውን ሰዎች አሰፈሩባት፤ ከዚያም ታላቅ ወደብ ሆነች፡፡ የሮም ሕዝብ የሚመገበው የግብፅ ስንዴ ከእስክንድርያ ተጭኖ የሚራገፈው በዚህ ነበር፡፡ ያ ስንዴ የበቀለው ዓባይ ከአገራችን ደጋ ጠርጎ በወሰደው አፈር ላይ መሆኑን ስናስብ፥ ፖዙዎሊ ከእኛ እጅግ የራቀች አትመስለንም፡፡ በአካባቢዋ የሚቆፈረው የእሳተ ገሞራ አመድም ከኖራ ጋር ሲደባለቅ በውሃ ውስጥ እንኳ ስለሚጠነክር፥ ሮማውያን ወደቦቻቸውን ሠሩበት፤ እስከ ዛሬም በከተማዪቱ ስም ፖዞላና ይባላል፡፡

ከሚጐበኙት ነገሮች ሁሉ የሚያስደንቀው ግን በጥንቱ ገበያ ፍርስራሽ ውስጥ የቆሙት ሦስት የእብነ በረድ ዓምዶች ናቸው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1750 ተቆፍረው በወጡ ጊዜ ገበያው የጣዖት ቤተ መቅደስ መስሎ ነበር፡፡ የዓምዶቹ የታችኛው ክፍል ለስላሳ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን እስከ 6 ሜትር ያህል ከፍታ ድረስ ዛጎል ያላቸው የባሕር ፍጥረታት በስተዋቸዋል፡፡ እንግዲህ ባሕሩ ያን ያህል ከፍታ ሸፍኗቸው ነበር ማለት ነው፡፡ ለመሆኑ እንዴት ሳይወድቁ ቀሩ? መሬቱ በዝግታ ሰጥሞ በዝግታ ስለ ተነሣ ነው፡፡ ቻርልስ ላይል የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1830 ስለ ምድር ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ የእነዚህን ዓምዶች ሥዕል አኖረ፡፡

ምክንያቱም ከተማዪቱ በእሳተ ገሞራ ላይ መቀመጧ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1538 በአጠገቧ እሳት ፈንድቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ አዲስ ተራራ በቀለ፤ አንዲት መንደርም ጠፋች፡፡ እ.ኤ.አ. በ1970 መሬቱ እንደገና ሲነሣ፥ ሪዮኔ ቴራ ከሚባለው ከጥንቱ ሰፈር ነዋሪዎቹ በመንግሥት ትእዛዝ በድንገት ወጡ፡፡ ከ1982 እስከ 1984 ደግሞ ምድሪቱ 1.8 ሜትር ያህል ከፍ አለች፤ ብዙ ቤተ ሰብም ቤቱን ለቀቀ፡፡ ከ2005 ጀምሮ እንደገና በመነሣት ላይ ናት፤ ሕዝቡም የመሬት መንቀጥቀጥ እየቀሰቀሰው ይኖራል፡፡

ዛሬ ሪዮኔ ቴራ ታድሶ ጐብኚ ይመላለስበታል፤ ከወጡት አብዛኞቹ ግን ተመልሰው አልኖሩበትም፡፡ ድንጋዩ ተጠበቀ፥ ጐረቤት ግን ተበተነ፡፡ እኛም የትምህርት ቤታችንን በዓል ስናከብር ይህን ማሰብ ይገባናል፤ ግንቡን ማደስ ይቻላል፥ በውስጡ አብረው የኖሩትን መልሶ መሰብሰብ ግን እጅግ ከባድ ነው፡፡