ስህተቱ በድምፅ ማጉያ፣ እርማቱ በሹክሹክታ

ከዘነበወርቅ ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዳር የዋለ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። በአዲስ አበባ መኪና አይሞትም። ሞተሩ ይወርዳል፣ ካምቢዮው ይፈታል፣ የተሰበረው ባልስትራ ይቀየራል። ሶማሌ ተራ ከፈረሰ ሌላ መኪና የተገኘ ዕቃ ይገጠምለትና ተመልሶ መንገድ ይገባል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው ግን ስሙ የትም አይጻፍም። መኪናው ሲነሳ የሚመሰገነው ባለቤቱ ነው።

ከስልሳ ዓመታት በፊት አሜሪካ ውስጥ አንድ መካኒክ ይህን ወግ ሊሽር ሞክሮ ነበር። በጋራዡ የጠገነውን መኪና ራሱ እየነዳ ለውድድር ወጣ። በመኪናው ላይም «መካኒክ፦ እኔ» ብሎ ጻፈ። ስሙ ዌንደል ስኮት ይባላል። ታሪኩ የመኪና እሽቅድምድም ታሪክ ይመስላል፤ ነገሩ ግን የቆጠራ ታሪክ ነው። ማን እንደሚቆጥር፣ ማን እንደሚያውጅ፣ ሲሳሳትስ ስህተቱን የት ቆሞ እንደሚያርም የሚያሳይ ታሪክ።

ስኮት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1921 ቨርጂኒያ ግዛት ውስጥ ዳንቪል በምትባል ከተማ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ ግንባር ለአሜሪካ ጦር ተሽከርካሪ ሲጠግን ቆየ። ከጦርነቱ ሲመለስ ጋራዥ ከፈተ። ኑሮ አልገፋ ሲለው ደግሞ ያካባቢው ሰው በድብቅ የሚያወጣውን አረቄ በሌሊት እያመላለሰ መሸጥ ጀመረ። ፖሊስ የማይደርስበት መኪና መሥራት የቻለው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ለስፖርቱ እንግዳ ነገር አልነበረም። «ስቶክ ካር» የሚባለው እሽቅድምድም እንደ ፎርሙላ ዋን ለውድድር ተብሎ በተሠራ መኪና አልተጀመረም። ማንኛውም ሰው ከመሸጫ ሱቅ ሊገዛው በሚችል የዘወትር መኪና የሚደረግ ነበር። በአሜሪካ ደቡብ ሥር የሰደደውም እነዚያ አረቄ አመላላሾች «የኔ መኪና ካንተ ይፈጥናል» በሚል እልህ እሁድ እሁድ በገጠር አቧራማ ሜዳዎች ላይ ሲገናኙ ነው። ናስካር የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1948 ተቋቁሞ ይህን የሰፈር እልህ ሕግና ደንብ አበጀለት።

ስኮት ወደ ስፖርቱ የገባበት መንገድ ራሱ ብዙ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1952 የዳንቪል ውድድር አዘጋጆች ተመልካች አነሰባቸው። ጥቁር አሽከርካሪ ቢያሰልፉ ሰው ለጉድ እንደሚመጣ አሰቡና የሚያውቁት ፈጣን ጥቁር ሾፌር ካለ ብለው የጠየቁት ፖሊስን ነበር። ፖሊስ ደግሞ ለዓመታት ሲያሳድደው የኖረውን ሰው ስም ሰጠ። ስኮት ወደ ሜዳ የተጠራው እንደ ተወዳዳሪ አልነበረም፤ እንደ ትርኢት ነበር። እሱ ግን ትርኢት ሆኖ አልቀረም። በ1953 የናስካርን ፈቃድ አገኘ፣ በ1961 ደግሞ ወደ ከፍተኛው ምድብ ተሻገረ።

ዝግጅቱ ምን ይመስል ነበር? ሀብታም ቡድኖች ከፋብሪካ በቀጥታ ሞተር ይላክላቸው ነበር። ለነሱ ጎማ ቀያሪው ሌላ፣ የሞተር ባለሙያው ሌላ፣ ሾፌሩ ሌላ ነው። ለስኮት ሁሉም አንድ ሰው ነው። በሳምንቱ መሐል ዳንቪል ባለው ጋራዡ ሞተሩን ያወርዳል፣ ፍሪሲዮኑን ይፈታል፣ ሌሎች የጣሉትን ዕቃ አጥቦ ይገጥማል። ረዳቶቹ ልጆቹ ነበሩ። ከዚያ መኪናውን ጎትቶ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። መንገድ ላይ ጥቁር የማያስተናግድ ሆቴልና ምግብ ቤት ሞልቷል። ደርሶ ይወዳደራል፣ የተሰበረውን ይጠግናል፣ ሌሊቱን እየነዳ ይመለሳል። ስለዚህ ስልቱም ከሌሎች ይለይ ነበር። የሰበረውን የሚተካለት ስለሌለ መኪናውን ሳይሰብር መጨረስ ነበረበት። አጭር የሸክላ ወይም የአፈር ትራክ ላይ ይህ ትልቅ ብልሃት ነው። ዙሩ ትንሽ፣ ኩርባው ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ነውና ከፍጥነት ይልቅ ትዕግሥትና እጅ ይበልጣል።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1963 እሁድ ነበር። በኛ አቆጣጠር ኅዳር 21 ቀን 1956 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ኅዳር ጽዮን። አሜሪካ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከተገደሉ ገና ዘጠኝ ቀኗ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በቀብሩ ላይ ከተገኙ ሳምንት አልሞላም። ከሁለት ወር በፊትም ኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ቆመው የሰው ልጅ በቆዳው ቀለም መበላለጡ ካልቀረ ሰላም እንደማይኖር ተናግረው ነበር። የዘር መድልዎን የሚከለክለው የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ ግን ገና አልጸደቀም።

በፍሎሪዳዋ ጃክሰንቪል የተዘጋጀው ሜዳ ግማሽ ማይል፣ ማለትም ወደ 800 ሜትር የሚሆን የአፈር ትራክ ነበር። ውድድሩ 200 ዙር ነው። ስኮት 34 ቁጥር የተለጠፈባትን ሼቭሮሌት ይዞ ተሰለፈ። ዙሩ በጨመረ ቁጥር አፈሩ እየተቦረቦረ ብዙ መኪና አስቀረ። ያኔ የስኮት ትዕግሥት ዋጋ አወጣ። ሊጠናቀቅ 25 ዙር ያህል ሲቀር የዘመኑን ኮከብ ሪቻርድ ፔቲን አልፎ መሪ ሆነ።

200ኛውን ዙር ጨረሰ። ባንዲራው አልተውለበለበም። 201ኛውን ዞረ፤ አሁንም የለም። 202ኛውን ጨመረ። ባንዲራው የወረደው ከሱ በሁለት ዙር ወደ ኋላ ለነበረው ነጭ አሽከርካሪ ለበክ ቤከር ነው። በድምፅ ማጉያው አሸናፊነቱ ታወጀ። ቤከር ወደ አሸናፊዎች ቦታ ሄደ፣ ዋንጫውን ተቀበለ፣ የዕለቱን ቆንጆ ሳመ፣ ፎቶ ተነሳ። ስኮት አቤት አለ። ሰዓታት አለፉ። ተመልካቹ ወደ ቤቱ ተበተነ። ከዚያ ዳኞቹ ወረቀታቸውን አገላብጠው እውነቱን ተናገሩ፦ ያሸነፈው ስኮት ነው፤ በሁለት ዙር ብልጫ። የሽልማቱ ገንዘብ ተሰጠው። ዋንጫው ግን ከቤከር ጋር ሄዷል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ዙር የሚቆጠረው በእጅ ነበር፤ ሰው ተቀምጦ መኪና ባለፈ ቁጥር በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። ስህተት ያጋጥም ነበር። ሯጩ ራሱም ይሳሳታል። ምሩጽ ይፍጠር በሐምሌ 1963 ዓ.ም. በአሜሪካና በአፍሪካ መካከል በተደረገ ውድድር 5,000 ሜትር ሲሮጥ የቀረውን ዙር ስቶ አንድ ዙር ቀድሞ ጉልበቱን ጨረሰ፤ ድሉም ለስቲቭ ፕሪፎንቴይን ሆነ። ቦታው ደርሃም ነበር፤ ከስኮት ከተማ ከዳንቪል መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም። ምሩጽ ግን በራሱ ስህተት ራሱ ከሰረ፤ በዚያው ውድድር 10,000 ሜትሩን አሸንፎ ተካሰ። የቆጣሪ ስህተት ከዚህ ይለያል። ቆጣሪው ተሳስቶ የሚከስረው ሌላው ነው።

የጃክሰንቪሉ ቆጠራ በቅንነት የተሳሳተ ነበር እንበል። ታዲያ በዚያው ምሽት ከታወቀ ለምን በዚያው ድምፅ ማጉያ አልታረመም? ስኮት እስከ ዕለተ ሞቱ ያመነው መልስ ቀላል ነው። ጥቁር ሰው በነጮች ሕዝብ ፊት ዋንጫ ተቀብሎ ነጭ ሴት ሲስም ማየት አልፈለጉም። ስህተት የተባለው ነገር ሰዓቱን ጠብቆ የታረመው ተመልካች ካለቀ በኋላ ነው። ወረቀቱ እውነቱን መዘገበ፤ አደባባዩ ግን ውሸቱን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ።

ንክኪን መፍራት ለዘነበወርቅ አዲስ ነገር አይደለም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። ዛሬ አለርት የምንለው ማዕከል በ1958 ዓ.ም. እዚያው ተመሠረተ። ሰፈሩን ካቀኑት መካከል ከየቀያቸው ተገፍተው፣ ሰው አጠገባችን አይቀመጥም የተባሉ ሕሙማን ይገኙበታል። በሽታው በቀላሉ እንደማይተላለፍ፣ መድኃኒት ሲጀመርም የሚድን እንደሆነ ሐኪም ካረጋገጠ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የዳነው ሰው ካርዱ ላይ «ድኗል» ይጻፍለታል። ሰርግ ቤት ግን ካርድ አያነብም። እዚህም እርማቱ ክሊኒክ ውስጥ በሹክሹክታ ይነገራል፤ ስሙን ያጠፋው ወሬ ግን በአደባባይ ነው የተነገረው።

ስኮት መንዳቱን አላቆመም። በከፍተኛው ምድብ ወደ 500 የሚጠጋ ውድድር ተሰለፈ፤ በ1966 በዓመቱ ጠቅላላ ነጥብ ስድስተኛ ወጣ። በ1973 ታላዴጋ ላይ በደረሰ የብዙ መኪኖች ግጭት ክፉኛ ተጎድቶ ሩጫው አበቃ። እ.ኤ.አ. በ1990 ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ዐረፈ። የዚያን እሁድ ዋንጫ ሳያገኝ ነው የሞተው፤ ቆየት ብሎ የተሰጠው ስም እንኳ የሌለበት ርካሽ የእንጨት ነገር ነበር። በ2015 ናስካር የክብር መዝገቡ ውስጥ አስገባው። በነሐሴ 2021 ደግሞ ዴይቶና ላይ ሕዝብ በተሰበሰበበት ለቤተሰቡ ዋንጫ አስረከበ። ከውድድሩ ቀን ከ57 ዓመታት በላይ አልፎ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ባባ ዋላስ በከፍተኛው ምድብ ያሸነፈ ሁለተኛው ጥቁር አሽከርካሪ ሆነ።

እኛ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። ጥሩ ተረት ነው፤ ግን ለቆጣሪው ይመቸዋል። ንጋት በራሱ ይነጋል፣ ማንንም አይጠይቅም። እውነት ግን የሚያነቃው ሰው ይፈልጋል። የስኮት እውነት የጠራው የዚያን ሌሊት አቤት ስላለ፣ እሱ ካለፈ በኋላም ልጆቹ ሠላሳ ዓመት ስለጮኹለት ነው። ዝም ቢሉ ኖሮ 202 ዙር የሮጠ ሰው በሕዝብ ትዝታ ውስጥ ተሸናፊ ሆኖ ይቀር ነበር።

በዚህ አገር በየሳምንቱ አንድ ነገር ይታወጃል። የፈተና ውጤት፣ የጨረታ አሸናፊ፣ የተጠርጣሪ ስም፣ የተጎጂ ቁጥር። አዋጁ በቀጥታ ሥርጭት ይነገራል። ከተሳሳተ እርማቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ጥግ ይለጠፋል፣ ወይም ለባለጉዳዩ ብቻ በስልክ ይነገረዋል። ባለሥልጣኑም «አርመናል» ይላል። አልዋሸም፤ አርሟል። የጃክሰንቪል ዳኞችም አርመዋል።

ስለዚህ የአንድን ተቋም ቅንነት ለመለካት ይሳሳታል ወይ ብሎ መጠየቅ ብዙም አይረዳም፤ የማይሳሳት የለም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ስህተቱን በተናገረበት ማይክሮፎን፣ በዚያው ድምፅ፣ ሕዝቡ ሳይበተን እርማቱን ይናገራል ወይ? ይህን ካላደረገ ወረቀቱ ቢስተካከልም ዋንጫው አሁንም ሰው ቤት ነው።