ከፊት ወንበር የተቀመጠው ማን ነው?

መቐለ ሄዶ ሓወልቲን ሳያይ የሚመለስ ሰው የለም፤ ልመለስ ቢል እንኳ ሐውልቱ አይለቀውም። 51 ሜትር ቁመት ያለው ነገር ከከተማው ብዙ አቅጣጫ ይታያልና። ክፍለ ከተማው ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። ከግርጌው ሙዚየም አለ፤ ትልቅ አዳራሽም አለ። አዳራሹ ብዙ ጉባኤ፣ ብዙ ንግግር፣ ብዙ ጭብጨባ ያየ ነው።

እኛ ግን ዛሬ ስለዚያ ትልቅ አዳራሽ ልንጽፍ አልተነሳንም። የምንጽፈው ከእሱ በጣም ስለሚያንስ መድረክ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ሰንደቅ ዓላማው አጠገብ ስላለችው የሲሚንቶ ከፍታ። በአገራችን አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ይቆጣባታል፣ በበዓል ቀን ደግሞ የድራማ ክበቡ ይተውንባታል። መጋረጃው ከአንዷ ተማሪ ቤት የመጣ አንሶላ ነው። ሽማግሌ የሚሆነው ልጅ አገጩ ላይ ጥጥ ይለጥፋል፤ ጥጡ ግን ሁልጊዜ ከመጨረሻው ትዕይንት በፊት ይወድቃል። ወቅቱም የታወቀ ነው፤ የካቲት ላይ ዓድዋ አለ፣ ትግራይ ከሆነ የካቲት 11 ይጨመራል፣ ሰኔ ላይ የወላጆች በዓል ይመጣና የዓመቱ ሥራ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ይቀርባል። ከፊት ባለው ረድፍ ላይ ከየቢሮው የመጡ ሶፋዎች ይደረደራሉ። ለክብር እንግዶች ነው።

ያቺን ሶፋ ልብ በሉልን። የአገራችን የቲያትር ታሪክ ግማሹ የእሷ ታሪክ ነው።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ ነበር። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ የተማሩ፣ አውሮፓ ሳሉ ቲያትር ማለት ምን እንደሆነ ያዩ ሰው ናቸው፤ ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። በ1913 ዓ.ም. አካባቢ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጻፉና አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ታየ። ተውኔቱ ከፈረንሳዊው ላፎንቴን ተረቶች ጋር ዝምድና አለው፤ የሚናገሩት እንስሳት ናቸው። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት መኳንንት ግን የዋዛ አልነበሩም። አውሬው ማን እንደሆነ ወዲያው ገባቸው። ተውኔቱ ታገደ፤ በዘመነ ዘውዲቱም ቲያትር የሚባል ነገር አፉን ዘጋ። የመጀመሪያ ቲያትራችን የመጀመሪያ የታገደ ቲያትራችን መሆኑ መቼም የሚያስቅ ነው፤ የሚያስለቅስም ነው።

ታዲያ ቲያትር በየት በኩል ተመለሰ? በትምህርት ቤት በር። ይሄ ነው እኛን የሚገርመን። በሌላ አገር ብዙ ጊዜ ቲያትር በከተማው ውስጥ ያድግና ኋላ ትምህርት ቤት ይገባል። (ይሄም ሁልጊዜ አይደለም፤ ከእንግሊዝኛ ኮሜዲዎች የመጀመሪያው የሚባለውን የጻፈው በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢተን ትምህርት ቤት አለቃ የነበረው ኒኮላስ ዩዳል ነው፤ የጻፈውም ለተማሪዎች ነው ይባላል።) እኛ ዘንድ የትልልቆቹ መድረክ ሲዘጋ የልጆቹ ተከፈተ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ፣ አዲሱ መንግሥት ለአዲሱ ትምህርት ማሳያ ይፈልግ ነበር። ከደብረ ኤልያስ የመጡት የቅኔ ሰው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር፤ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በኩል ደግሞ መላኩ በጎሰው ነበሩ። ተዋናዮቹ ተማሪዎች ናቸው፤ የሴቷንም ቦታ የሚጫወተው ወንድ ልጅ ነው። በዮፍታሔ ተውኔቶች ውስጥ ዜማ አለ፣ ቅኔ አለ፣ ሰምና ወርቅ አለ። ለዜማው አርመናዊው የሙዚቃ ሰው ኬቮርክ ናልባንዲያን ያግዙ ነበር።

የዮፍታሔን ተውኔቶች ዛሬ የሚያነብ ሰው ትንሽ ሊሰለች ይችላል፤ አንደብቅም። ስብከት ይበዛቸዋል። ግን አስቡት፤ የቅኔ ቤት ልጅ ለዘመናት ሰም አልብሶ ወርቁን የሚደብቅበትን ጥበብ አውጥተው በሃያ ልጆች አፍ ላይ ሲያደርጉት! ሊቁ ብቻ ይፈታው የነበረውን፣ አሁን ባለ ሶፋውም ከኋላ የቆመው ዘበኛም እኩል ይሰሙታል። ፋቡላን ያሳገደው ወርቁ ቶሎ መታየቱ ነበር። ዮፍታሔ ሰሙን አወፈሩት፤ ተናጋሪዎቹንም ልጆች አደረጓቸው። በልጅ ላይ ማን ይቆጣል?

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነገሩ ሰፋ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በወረራው ጊዜ በጣሊያን ደሴት ታስረው የነበሩ ሴት ናቸው፤ ከነፃነት በኋላ ደሴ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ እቴጌ መነን ሲመሩ፣ ለተማሪዎቻቸው ተውኔት ይጽፉ ነበር። ልጃገረድ መድረክ ላይ ቆማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መናገሯ ራሱ በዚያን ዘመን ትልቅ ነገር ነው። ወይዘሮ ስንዱ በ1949–50 ዓ.ም. ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። የትምህርት ቤት መድረክና ፓርላማ ያን ያህል አይራራቁም ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ሁለቱም ቦታ ላይ ቆሞ መናገርን መልመድ ያስፈልጋል።

አሁን ከሁሉ የምንወደው ታሪክ መጣ። አምቦ። የአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ልጅ፣ ስሙ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ በትምህርት ቤቱ ተውኔት ይጽፋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበትም ይታያል። የተውኔቱ ርዕሰ ነገር ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ንጉሥ ዲዮኒስዮስ! የሲራኩሱ ዲዮኒስዮስ በጥንት ታሪክ የጨካኝ ገዥ ምሳሌ ነው። በስሙ የሚነገረው የታወቀው ተረት፣ አንዱ ሞት የተፈረደበት ሰው ቤተሰቡን ሊሰናበት ሲሄድ ወዳጁ በእሱ ቦታ ታስሮ እንደጠበቀና ንጉሡ በወዳጅነታቸው ተደንቆ ምሕረት እንዳደረገ ያወራል። እንግዲህ ልጁ ጸጋዬ ምን አስቦ ነው የጻፈው ብለን አንመራመርም፤ በአሥራ ሦስት ዓመት ጥሩ ታሪክ ጥሩ ታሪክ ነው። ግን ሥዕሉን እዩት፦ መድረኩ ላይ ንጉሥ ሆኖ የሚተውን ልጅ፣ ከፊቱ ሶፋ ላይ የእውነቱ ንጉሥ። ሁለት ንጉሦች ፊት ለፊት፣ በመሃል የአምቦ አቧራ። ኋላ «የከርሞ ሰው»ን እና «ሀሁ በስድስት ወር»ን የጻፈው ሰው ሥራውን የጀመረው እዚያ ነው።

ነገር ግን ባለ ሶፋው የሚታገሥበት ልክ አለው። በ1953 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን በዓል ላይ ታምሩ ፈይሳ የተባለ ተማሪ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን አነበበ። ሰሙ ሳስቶ ወርቁ ፈጦ የወጣበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከበደ፤ ገጣሚ ተማሪዎችን ከትምህርት ማገድም መጣ። «ልጆች ናቸው» የሚለው ከለላ አንድ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ያልቃል ማለት ነው።

ወደ መቐለ እንመለስ። እስካሁን ያወራነው ሁሉ የአማርኛ ታሪክ ነው፤ እዚህ ላይ አንድ ነገር መሸፋፈን አንፈልግም። በንጉሡ ዘመን በትግራይ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋው አማርኛ ነበር። ቤቱ በትግርኛ የሚቀልድ፣ በትግርኛ የሚያለቅስ ልጅ፣ መድረክ ላይ ሲወጣ በሌላ ቋንቋ እንዲስቅና እንዲያለቅስ ይጠበቅበት ነበር። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ድራማ ውስጥ ሰው ቃሉን ረስቶ የራሱን ቃል ሲፈጥር ነው ጨዋታው የሚደምቀው፤ በተውሶ ቋንቋ ቃል ሲጠፋህ ዝም ትላለህ። ከመረብ ማዶ አስመራ ውስጥ ግን የትግርኛ የቲያትር ማኅበራት በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ተመሥርተው፣ ከዚያም ታዋቂ ሙዚቀኞች ወጥተዋል። (እኛም ይሄን ስለ ሓወልቲ በአማርኛ መጻፋችን አይጠፋንም። ሶፋው ላይ ተቀምጠን ይሆን?)

የካቲት 1967 ዓ.ም. ደደቢት በረሃ የወረዱት የሕወሓት መሥራቾች ብዙዎቹ ከክፍል የወጡ ተማሪዎች ነበሩ። በረሃ ወርደው ደግሞ ያቋቋሙት ጠመንጃ የያዘ ክንድ ብቻ አልነበረም፤ የባህል ቡድንም ነበራቸው፤ በመዝሙርና በድራማ ገበሬውን ይቀሰቅሱ ነበር፤ በትግርኛ። ከተማ የቀረው ደርግም በበኩሉ በየቀበሌውና በየትምህርት ቤቱ የኪነት ቡድን አቋቋመ። ስለዚህ በዚያ ዘመን ተራራው ላይም ሆነ ከተማው ውስጥ ወጣቱ መድረክ ላይ ነበር፤ ሁለቱም ወገን ግን ጽሑፉን ከበላይ ያስጸድቅ ነበር። ፋቡላን ያገዱት መኳንንት ከሶፋ ተነስተው ድርሰት ክፍል ገቡ ብንል ይቀለናል። ልምዱ ግን ለልጆቹ ቀረላቸው። ከኪነት የወጡ ብዙ ድምፃውያንንና ተዋናዮችን አገር ያውቃቸዋል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ትግርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነና የትንሿ መድረክ ቋንቋ ተቀየረ። ሓወልቲም ቆመ። ልጆቹ በአፋቸው ቋንቋ ተወኑ፤ ስለ ትግሉ፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ። የርዕስ ዝርዝሩ ትንሽ የቢሮ እቅድ ይመስላል፤ ልክ ናችሁ፤ የክብር እንግዳው የሚወደው ርዕስ ነው። ግን በመሃል አንድ የሰከረ አባት የሚሆን ልጅ አይጠፋም፤ ለሦስት ደቂቃ ከጽሑፉ ይወጣል፤ ግቢው በሳቅ ይፈርሳል። ቲያትሩ እዚያ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ነው ያለው።

ከዚያ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሊከፈት ሲባል ጥቅምት 2013 ጦርነት ጀመረ። በመቐለ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተማሪ ሳይሆን ተፈናቃይ ገባ፤ ክፍሎቹ መኝታ፣ ግቢዎቹ ማብሰያ ሆኑ። የሲሚንቶዋም ከፍታ ልብስ ማስጫ ብትሆን አይደንቅም። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ የድሮ ተማሪዎች ቀኑን የንግሥ በዓል ብለው በመዝሙር ያከበሩት ቀን መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው። መቐለ ትምህርት ቤቶቿን መልሳ መክፈት የጀመረችው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ነው። ሦስት ዓመት አለፈ ማለት ነው። ሦስት የወላጆች በዓል።

ሒሳቡን ሥሩት። የድራማ ክበብ የሚኖረው በመተካካት ነው፤ አሥራ ሁለተኛው ለአሥራ አንደኛው፣ አሥራ አንደኛው ለዘጠነኛው ያሳየዋል። ጥጡ እንዴት እንደሚለጠፍ፣ መጋረጃውን ማን እንደሚይዝ፣ ሰው ሲስቅ ቀጣዩን ቃል ለመናገር ስንት ትንፋሽ መጠበቅ እንዳለበት በመጽሐፍ የተጻፈ የለም። ሦስት ዓመት ሲቋረጥ፣ የሚያሳየው ታላቅ ያለ ወራሽ ወጥቶ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ አልተመለሰም።

ስክሪፕቱስ? የትምህርት ቤት ድራማ በደብተር ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ፣ በበዓሉ ማግስት የሚረሳ ጽሑፍ ነው። የዮፍታሔን ያህል ሰው ሥራዎች እንኳ በቅጡ ሳይታተሙ ኖረዋል። እና መቐለ ውስጥ፣ ወይም መቐለን ለቆ አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር ያለ፣ በ1980ዎቹም ይሁን በ90ዎቹ የድራማ ክበብ አባል የነበረ ሰው ቤት ውስጥ ምናልባት አንድ ደብተር አለ። ሽፋኑ ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት ዓይነት። በግራ በኩል የተናጋሪው ስም፣ በቀኝ ቃሉ፤ ከዳር በቀይ «እዚህ ላይ ያለቅሳል» የሚል። አውጡትና አንብቡት።