የጣርማ በር ፈተና፦ መኪና፣ መንገድና ታሪክ



የአዲስ መኪና ጉድለት በምን ይለካል? ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር የሚወጣው መንገድ ለዚህ ጥያቄ የታሪክ ምስክር ነው።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከ1,500 በሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ጣርማ በር ላይ ተገታ። የገታው የሞተር ብልሽት ሳይሆን ኢትዮጵያውያን ያፈረሱት መንገድ ነበር። መንገዱ እስኪጠገን ድረስ ያ ሁሉ ብረት ባለበት ቆመ።

እንግዲህ የሙከራ ዘገባ ሲጻፍ የመኪናውን ጉድለት ከመንገዱ መለየት ግድ ይላል። ይህ ማለት ግን መንገዱን መርሳት አይደለም። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በሚያልፍበት በዚህ ስፍራ አየሩ ስለሚሳሳ የነዳጅ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ረጅሙ ቁልቁለትም ፍሬን ያግላል። በሜዳ የተመሰገነ ናሙና እዚህ ጉድለቱ ሊገለጥ ይችላል።

ዛሬ የኤሌክትሪክ መኪኖች ወደ አገራችን እየገቡ ነው። ዳገቱ ከባትሪያቸው ምን ያህል ይወስዳል? ቁልቁለቱስ ምን ያህሉን ይመልሳል? መልሱን በራሳችን መንገድ ፈትነን ካልመዘገብን፣ በሌላ አገር ሜዳ የተሰጠን ውጤት እንደ ራሳችን አድርገን እንቀበላለን።