ትኩሳት የማይረሳው ደም

ከጎንደር ደጋ ተወርዶ ሳንጃ ሲደረስ ጋቢው ከትከሻ ይወርዳል። የታች አርማጭሆ ቆላ ነው፤ ሰሊጥና ጥጥ ይበቅልበታል፤ ሰሊጡ ሲደርስ ወባም አብራ ትደርሳለች። እዚህ «ደም ተመርመር» የተባለ ሰው አሳቡ የሚሄደው ወደ ወባ ነው። ኮሌስትሮል ትዝ የሚለው ጥቂቱ ነው።

ልማዱ ሥር አለው። በፈረንጆቹ 1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው ወባ 7,000 ያህል ሰው ፈጀ። በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ጀመር። የወባው የመስታወት ምርመራ ዛሬም ብዙ አልተለወጠም፦ ጣት ይወጋል፣ ጠብታዋ መስታወት ላይ ትለቀለቃለች፣ ስትደርቅ ጊምዛ በተባለው ቀለም ትነከራለች፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ። ጥያቄው ይህ ሰው ዛሬ ምን ያዘው ነው።

አሜሪካ ውስጥ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ግን የነገ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ከ1948 ጀምሮ 5,209 ነዋሪዎች እየተመረመሩ ማን በልብ ሕመም እንደሚያዝ ለዓመታት ተጠበቀ። ኮሌስትሮልና የደም ግፊት አስቀድመው እንደሚናገሩ በደንብ የታወቀው በዚያ ነው።

ሲአርፒ የተባለው የደም ፕሮቲን ታሪኩ ከኮሌስትሮል ይለያል። በ1930 ኒውዮርክ ላይ ቲሌትና ፍራንሲስ ያገኙት የሳንባ ምች በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ ነው፤ የልብ ነገር ያኔ ማንም አላነሣም። ሰውነት ሲቆጣ ጉበት ያመርተዋል፤ የትኩሳት ልጅ ቢባል ያስኬዳል። በ1997 ግን ፖል ሪድከርና ባልደረቦቹ ጤነኛ ሳሉ ደም የሰጡ አሜሪካውያን ሐኪሞችን የተቀመጠ ናሙና ለኩ። ሲአርፒያቸው ከፍተኛ የነበረው፣ ዝቅተኛ ከነበረው ይልቅ በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። የደም ቧንቧን የሚያጠበው ስቡ ብቻውን አይደለም፤ ግድግዳው ውስጥ ቀስ ብሎ የሚጨስ ብግነትም አለበት።

ይህ ልኬት ሳንጃ ሲወርድ ግን ግራ ይጋባል። ወባም ካላዛር የተባለው የቆላ በሽታም ሲአርፒን ከፍ ያደርጉታል፤ ቁጥሩ ደግሞ ትንኝ ትሁን ቧንቧ አይለይም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2003 ባወጣው ምክር ውጤቱ በሊትር ከ10 ሚሊግራም ካለፈ፣ ኢንፌክሽን ተፈልጎ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገም ይላል። ጥቅምት ላይ ሁለት ሳምንት ረጅም ነው። ከደጋ ለቀን ሥራ የወረደው ሰሊጥ አጫጅ እስከዚያ ወደ ሌላ እርሻ ተሻግሯል፣ ወይም ሒሳቡን ተቀብሎ አገሩ ገብቷል።